አሮጌ የአየር ኮምፕሬሰር ሲገዛ እንዴት ይመረመራል?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

በሬ ለመግዛት ወደ ገበያ የወጣ ገበሬ ጥርሱን ገልጦ ሳያይ፥ ሻኛውን ሳይዳስስ፥ ወዲያና ወዲህም ሳያስኬደው ገንዘብ አያወጣም። ለበሬ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች አሮጌ መሣሪያ ልንገዛ ስንሄድ ግን ብዙ ጊዜ ቀለሙን አይተን፥ በዋጋው ተከራክረን፥ አስጭነን እንመለሳለን። እኔ ራሴ ከነዚህ ሰዎች አንዱ እንደ ነበርሁ ከዚህ በታች ሳልደብቅ እገልጻለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ለሚሠራ ትንሽ ጋራዥ የሚሆን አሮጌ የአየር ኮምፕሬሰር እንዴት እንደሚለይና እንዴት እንደሚመረመር፥ በክፍል ከተማርነው የፊዚክስ ትምህርት ጋር አያይዞ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼና ለወላጆች ማስረዳት ነው።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። አባቴ ለብዙ ዓመታት የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ነበሩ። ወገባቸውን ስለ ታመሙ ግን መሪ መጨበጡን ትተው፥ በግቢያችን ካለው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ጎማ እየጠገኑና እየነፉ፥ አልፎ አልፎም የተጫረ የመኪና አካል ቀለም እየቀቡ ቤታችንን ለመርዳት ዐሰቡ። ለዚህ ሥራ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ኮምፕሬሰር ነው። የአዲሱ ዋጋ ከዐቅማችን በላይ ስለ ሆነ አሮጌ ለመፈለግ ተነሣን። ገንዘቡ የእናቴ የእቁብ ብር ነበር። እናቴም ብሩን ለአባቴ ሲሰጡ፥ «የእኔ ዕጣ ወጥቶ አልቋል፤ ይህ ብር ሁለተኛ አይወጣም። ስታዩ ደኅና አድርጋችሁ እዩ» አሉ። አባቴም ወደ እኔ እያመለከቱ፥ «ፊዚክስ የሚማረው እሱ ነው፤ እሱ ያያል» ብለው መለሱ። በዚህ ቃል ደረቴ ተነፋ። እንዴት እንደ ተነፈሰም ወደ በኋላ ይነገራል።

ኮምፕሬሰር ምንድን ነው?

ኮምፕሬሰር አየርን ስቦ፥ ጨምቆ፥ በብረት ታንክ ውስጥ የሚያከማች መሣሪያ ነው። የቢስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ የነፋ ሰው ሁሉ አሠራሩን ያውቀዋል ማለት ይቻላል። ፓምፑን ሲስቡት አየር ይገባል፤ ሲገፉት አየሩ ተጨምቆ ወደ ጎማው ይሄዳል። ደጋግመው ሲነፉም ፓምፑ ይግላል፤ አየር ሲጨመቅ ይሞቃልና። በኮምፕሬሰር የእጃችንን ሥራ የሚሠራልን የኤሌክትሪክ ሞተር፥ ወይም ባለ ጋራዦች እንደሚሉት ዲናሞ ነው። ሞተሩ በቺንጋ አማካይነት ትልቁን መዘውር ሲያዞር ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ይወጣል፥ ይወርዳል። ሲወርድ የመሳቢያው ቫልቭ ተከፍቶ አየር በማጣሪያው በኩል ይገባል፤ ሲወጣ የመሳቢያው ቫልቭ ተዘግቶ የመግፊያው ይከፈታል፤ አየሩም በቧንቧ አልፎ ወደ ታንኩ ይወርዳል። በታንኩ አፍ ላይ አየሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ሌላ ቫልቭ አለ። ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ አውቶማቲኩ ሞተሩን ያጠፋዋል፤ ሲቀንስ መልሶ ያስነሣዋል። ይህ አውቶማቲክ ቢበላሽና ሞተሩ ሳያቋርጥ ቢሠራ፥ ትርፉን አየር አስተንፍሶ ታንኩን ከመፈንዳት የሚያድን የደኅንነት ቫልቭ ተገጥሞለታል።

ግፊት የሚለካው በባር ነው። 1 ባር በ1 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ኪሎ ያህል ክብደት እንደ መጫን ነው። ብዙ መለኪያዎች ደግሞ በፒ.ኤስ.አይ. ይቈጥራሉ፤ 1 ባር 14.5 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ይሆናል። ሮበርት ቦይል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1662 ባሳተመው ሕግ መሠረት፥ ሙቀቱ ሳይለወጥ የአንድ ጋዝ ይዘት በግማሽ ቢቀንስ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ይህን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ለገበያ ይጠቅማል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ዓይነቱን ስለ መለየት

ወደ ሻጭ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሚያየው መሣሪያ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ መለየት አለበት።

1ኛ. ቺንጋ ያለውና የሌለው። ቺንጋ በሌለው ዓይነት ሞተሩና ፒስተኑ በቀጥታ ስለ ተያያዙ መሣሪያው በፍጥነት ይዞራል፤ ትንሽና ቀላል ነው፤ ጩኸቱ ግን ብዙ ነው። ቺንጋ ያለው በዝግታ ይሠራል፤ ሲበላሽም እያንዳንዱ ክፍል ተፈትቶ ይጠገናል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ጋራዥ ሁለተኛው ይመረጣል።

2ኛ. ዘይት የሚጠጣውና የማይጠጣው። በፓምፑ ጐን የዘይቱን ልክ የሚያሳይ ክብ መስተዋት ወይም ዘይት መለኪያ ዘንግ ካለ ዘይት የሚጠጣ ነው። ዘይት የሌለው ዓይነት ለአልፎ አልፎ ሥራ የተሠራ ስለ ሆነ፥ አርጅቶ ሲሸጥ ዕድሜው አብሮ አልቆ ሊሆን ይችላል።

3ኛ. የኤሌክትሪኩ ዓይነት። በሞተሩ ላይ በምስማር የተመታች ትንሽ የብረት ጽሑፍ አለች፤ መነበብ ያለባት እሷ ናት። በብዙዎቻችን ቤት ያለው መብራት 220 ቮልት፥ 50 ኸርዝ፥ ሲንግል ፌዝ ነው። ጽሑፏ 380 ቮልት የምትል ከሆነ ሞተሩ ስሪ ፌዝ የሚፈልግ ነውና በተራ የቤት መስመር አይነሣም። እንደ አሜሪካ ካለ አገር የመጣና 110 ቮልት፥ 60 ኸርዝ የሚል ከሆነም ትራንስፎርመር ያሻዋል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ስለዚህ ሞተሩ በእኛ አገር መብራት ከልኩ አንድ ስድስተኛ ያህል ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የሚሰጠውም አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል።

4ኛ. በእጅ የተገጣጠመ። ከአሮጌ ፍሪጅ የተፈታ ኮምፕሬሰር ከጋዝ ሲሊንደር ጋር ተበይዶ ሊቀርብ ይችላል። እንዲህ ያለው ታንክ ስንት ግፊት እንደሚችል የሚመሰክር ጽሑፍ የለውም፤ የሚሰጠውም አየር ጥቂት ነው። ዋጋው ቢረክስ አይገርምም።

ደግሞም ገዢው ሥራውን ማወቅ አለበት። የመኪና ጎማ ለመንፋትና ካላማዳሪ ለመፈተሽ መጠነኛ መሣሪያ ይበቃል። ቀለም መርጨት ግን አየሩን ሳያቋርጥ ስለሚበላ በርከት ያለ አየር በደቂቃ የሚሰጥ መሣሪያ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ስሕተቴ

በመጀመሪያ ያየነው መሣሪያ ባለ 200 ሊትር ነበር። ደማቅ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ሻጩ ሶኬቱን ሰካው፤ ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ የመለኪያውም መርፌ ቶሎ ቶሎ ወጣ። እኔም ትልቅነቱንና ንጽሕናውን አይቼ፥ «አባባ፥ ሌላ ሰው ሳይቀድመን እንያዘው» አልሁ። አባቴም ቃሌን አምነው 3,000 ብር ቀብድ ከፈሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት በእኔ ላይ ደረሰ።

በማግሥቱ ቀሪውን ገንዘብ ይዘን ስንሄድ፥ በሠፈራችን ሁሉም ጋሼ እያለ የሚጠራቸውን ሽማግሌ ጎሚስታ አባቴ ለምነው አብረውን መጡ። ጋሼ መሣሪያውን ገና ሲያዩት ወደ ሞተሩ አልሄዱም፤ ወደ ቀለሙም አላዩም። ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው መሬት ተቀምጠው ከታንኩ ሥር ተመለከቱ። ከዚያም፥ «ይህን የውሃ ማፍሰሻ ክፈቱልኝ» አሉ። ማፍሰሻው ከነብሎኑ ቀለም ተቀብቶ ተጣብቆ ነበር። ሻጩ፥ «እሱ አይነካም» አለ። ጋሼም፥ «የማይነካ ከሆነ እኛም ገንዘባችን አይነካም» ብለው መለሱለት። በመጨረሻ በመፍቻ ሲከፈት እንደ ጠላ አተላ ያለ ቡናማ ውሃ፥ ከዝገት ቅርፊት ጋር እየተንዶለዶለ ወጣ። ብዛቱ አንድ ባልዲ ያህል ሆነ። ጋሼ አየሩ ሁሉ መውጣቱን ካረጋገጡ በኋላ በመፍቻው እጀታ ታንኩን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያሉ አንኳኩት። ከላይ እንደ ደወል ጮኸ፤ ከታች ግን እንደ እርጥብ እንጨት ደነዘዘ። እዚያው ላይ ቀለሙን በጥፍራቸው ሲፍቁት ከሥሩ ብረት ሳይሆን ስቱኮ ብቅ አለ። ላዩን ሲያዩት የሚያምረው ውስጡን ለቄስ ነበር።

አባቴ ቀብዱ እንዲመለስላቸው ቢጠይቁ ሻጩ እምቢ አለ። በመንገድም ብዙ ሳይናገሩ ቆይተው፥ «3,000 ብር የትምህርት ቤት ክፍያ ከፈልን እንበል» አሉኝ። ማታ ነገሩን የሰሙት እናቴ ግን፥ «ታንኩ ልጆቼ መሐል ከሚፈነዳ ብሩ ይፈንዳ» አሉ። እኔ የምገባበት ጠፋኝ።

የታንኩ ነገር ይህን ያህል የሚያሠጋ የሆነበትን ምክንያት በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ታንኩ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ነው እንበል። የአንዱ ጫፍ ስፋት 3.14 × 20 × 20፥ ማለትም 1,256 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በ8 ባር ጊዜ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 8 ኪሎ ያህል ይገፋል። ስለዚህ በአንዱ ጫፍ ላይ ብቻ የሚያርፈው ግፊት 10,000 ኪሎ፥ ወይም 100 ኩንታል ያህል ነው። ይህን ሁሉ የሚችለው የጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ነው። ያ ብረት በዝገት ቢሳሳ ቀለም አይተካውም።

ዝገቱ ከውስጥ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በአየር ውስጥ ምንጊዜም የማይታይ የውሃ ተን አለ፤ በክረምት ደግሞ ይበዛል። አየሩ ተጨምቆ በታንኩ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ተኑ ውሃ ሆኖ ወደ ታች ይወርድና ይጠራቀማል። በየቀኑ ካልፈሰሰ የታንኩን ሆድ ከሥር ይበላዋል። ከላይ የሚያይ ሰው ግን ምንም አያውቅም። ሌላም ጥቅም ለሻጩ አለው፤ ታንኩ ግማሽ በግማሽ ውሃ ከያዘ ለአየር የቀረው ቦታ ትንሽ ስለሚሆን መርፌው ቶሎ ይወጣል። በመጀመሪያው ቀን «እንዴት ያለ ብርቱ ነው» ብዬ ያደነቅሁት ፍጥነት ቢያንስ በከፊል የውሃው ሥራ ነበር።

ከዚህ የተማርሁት ዋና ነገር ይህ ነው፦ ሞተር ቢቃጠል ይጠቀለላል፥ ቺንጋ ቢበጠስ ይለወጣል፥ ቫልቭ ቢያፈስ ይታደሳል፤ የበሰበሰ ታንክ ግን መድኃኒት የለውም። የተለጠፈበት ወይም በኋላ የተበየደ ታንክም አይታመንም። ስለዚህ ምርመራው ሁሉ ከታንኩ ይጀመር።

ሳይነሣ የሚደረግ ምርመራ

ሁለተኛውን መሣሪያ ያገኘነው ሥራውን ትቶ ወደ ትውልድ አገሩ ለመሄድ ከተዘጋጀ አንድ ቀለም ቀቢ ነው። ባለ 100 ሊትር ነበር፤ ቀለሙ ተላልጧል፥ መዘውሩ በአቧራና በዘይት ጠቁሯል። ባለፈው ስላፈርሁ ይህን ጊዜ ደብተር ይዤ ሄድሁ። ጋሼ እያሳዩኝ የጻፍሁት እነሆ።

መሣሪያው ቀዝቃዛ መሆኑ በእጅ ተዳስሶ ይታወቅ። ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶ አሙቆት ከሆነ በቅዝቃዜ መነሣት የማይችል መሆኑን ደብቆ ይሆናል። ከዚያ የታንኩ ጽሑፍ ይነበብ፤ ይዘቱ፥ የሚችለው ከፍተኛ ግፊትና የተሠራበት ዓመት በላዩ ተጽፎ መገኘት አለበት። ጽሑፉ ተነቅሎ ከሆነ ለምን እንደ ተነቀለ ይጠየቅ። ቀጥሎም ታንኩ ባዶ ሳለ ውሃው ይፍሰስ፥ ሥሩ በባትሪ ብርሃን ይታይ፥ እግሮቹ የተበየዱበት ቦታ ይመርመር፥ ቀስ ተብሎም ይንኳኳ። አየር ያለበትን ታንክ ማንኳኳት ግን ክልክል ነው።

ዘይቱ ይታይ። ጥቁር ከሆነ ሳይለወጥ ብዙ ሠርቷል ማለት ነው፤ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ በጣት መካከል ሲፈተግ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለበት ከውስጥ የሚፋቅ ነገር አለ። ሶኬቱ ተነቅሎ መዘውሩ በእጅ ይዙር። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲደርስ ከበድ ማለት አለበት፤ ምንም ሳይከብድ የሚዞር ከሆነ ቀለበቶቹ ወይም ቫልቮቹ አልቀዋል። መዘውሩን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ሲነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነም ኩሽኔታው አርጅቷል። ቺንጋው ተሰነጣጥቆ እንደ ሆነ፥ የኤሌክትሪኩም ሽቦ ቀልጦ ወይም በፕላስተር ተጠቅልሎ እንደ ሆነ ይታይ።

ተነሥቶ የሚደረግ ምርመራ

ታንኩ ባዶ ሆኖ፥ ማፍሰሻው ተዘግቶ፥ መሣሪያው ይነሣ። ጆሮ እዚህ ላይ ከዐይን ይበልጣል። ጋሼ፥ «ልጄ፥ ዐይንህን ጨፍንና ስማ» አሉኝ። ጤነኛ መሣሪያ እንደ ወፍጮ አንድ ዓይነት ድምፅ አለው፤ በየዙሩ የሚያንኳኳ ነገር ካለ ሕመም አለው። በአየር መሳቢያው ማጣሪያ ፊት ቍራጭ ወረቀት ሲይዙ ወረቀቱ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት፤ እየተተፋ ወደ ውጭ የሚገፋ ከሆነ የመሳቢያው ቫልቭ አይዘጋም ማለት ነው።

መሣሪያው ሞልቶ በራሱ ሲጠፋ ለአጭር ጊዜ «ፍስስ» ብሎ ማቆም አለበት። ይህ በቧንቧው የቀረው አየር ሲለቀቅ የሚሰማ ነው። ድምፁ ካላቋረጠ የታንኩ የማይመልስ ቫልቭ ያፈሳል። ከዚያ የደኅንነት ቫልቩ ቀለበት ፊትን ዘወር አድርጎ ይሳብ፤ በኃይል ተንፍሶ ሲለቁት መዝጋት አለበት። የማይንቀሳቀስ ከሆነ መሣሪያው ባለበት ይቁም፤ ቫልቩ ሳይለወጥም አይነሣ። በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ይቀባ፤ የሚያፈስበት ቦታ አረፋውን ይነፋዋል። ለ10 ደቂቃ ያህልም መርፌው ሳይወርድ መቆየቱ ይታይ። በመጨረሻ በቱቦው የሚወጣው አየር በንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ ይነፋ፤ ወረቀቱ በዘይት ነጠብጣብ ከተበላሸ የፒስተኑ ቀለበቶች ዘይት ያሳልፋሉ። ጎማ ለሚነፋ ሰው ይህ ትንሽ ጕዳት ነው፤ ቀለም ለሚረጭ ግን ሥራውን ያበላሽበታል።

ቀለም ቀቢው መሣሪያ ከነዚህ አብዛኛውን አለፈ። በአንድ መገጣጠሚያ ላይ አረፋ ታየ፤ ቺንጋውም አርጅቷል፤ የማፍሰሻው ውሃ ግን ጥቂትና ንጹሕ ለማለት የሚቻል ነበር።

ሁለተኛው ስሕተቴ

አሁን የእኔ ተራ ደረሰ። መሣሪያው በደቂቃ 170 ሊትር አየር ይሰጣል የሚል ጽሑፍ ነበረበት። ይህ እውነት መሆኑን ለማወቅ ባዶውን ታንክ ከ0 እስከ 6 ባር አስሞልቼ በስልኬ ጊዜውን ያዝሁ። ሒሳቤ እንዲህ ነበር፦ 100 ሊትር ታንክ ውስጥ 6 ባር ለማግኘት 100 × 6፥ ማለትም 600 ሊትር አየር ማስገባት ያስፈልጋል። 600 ለ170 ሲካፈል 3 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። መሣሪያው ግን ልክ 5 ደቂቃ ፈጀበት። 600 ለ5 ሲካፈል 120 ነው። «አባባ፥ ከኃይሉ ሲሶው ያህል ጠፍቷል፤ ይቅርብን» አልሁ። ባለፈው በችኰላ አስገዝቼ እንደ ነበር፥ አሁን ደግሞ በሒሳብ ላስተው ነበር።

ጋሼ ሒሳቡን አልተቃወሙም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ። «እኔ በወጣትነቴ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነበርሁ። ባሕሩ ዳር እንዲህ ያለው መሣሪያ ቶሎ ይሞላል፤ አዲስ አበባ ሲመጣ ይደክማል። ምክንያቱን አላውቅም፤ ያየሁትን ነው የምነግርህ» አሉ። አባቴም ሻጩን የሁለት ቀን ጊዜ ጠየቁት።

በማግሥቱ ይህን ነገር ለፊዚክስ መምህራችን ነገርኋቸው። እሳቸውም መልሱን አልሰጡኝም፤ «አዲስ አበባ ላይ ባሮሜትር ስንት ያነባል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ። ወዲያው ስሕተቴ ገባኝ። የእኔ ሒሳብ የአካባቢው አየር 1 ባር ነው ብሎ የተነሣ ነው፤ ይህም በባሕር ወለል ላይ እውነት ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስላለች የአየሯ ግፊት 0.77 ባር ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ፒስተኑ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በይዘት ያው ቢሆንም በመጠን ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለዚህ በታንኩ 6 ባር ለማግኘት የሚሳበው የአዲስ አበባ አየር 600 ሊትር ሳይሆን፥ 600 ለ0.77 ሲካፈል የሚገኘው 779 ሊትር ነው። 779 ለ5 ሲካፈል 156 ሊትር በደቂቃ ይሆናል። ከ170 ጋር ሲነጻጸር መሣሪያው ከኃይሉ ከ10 እጅ 9 ያህሉን ይዟል ማለት ነው። አርጅቶ ለተሸጠ መሣሪያ ይህ የሚያስመሰግን ነው።

ለሌሎች እንዲጠቅም ቀመሩን ባጭሩ ላስቀምጥ፦ የታንኩ ይዘት በሊትር በመለኪያው ግፊት ይባዛ፤ የተገኘው ለአካባቢው የአየር ግፊት ይካፈል፤ ከዚያም ለፈጀው ደቂቃ ይካፈል። የሚገኘው በደቂቃ የሚሰጠው የአየር ሊትር ነው። ከዚህ በፊት ግን ውሃው ሁሉ መፍሰሱ አይረሳ። ደግሞም በደጋ የሚኖር ገዢ፥ ሥራው የሚፈልገው አየር በባሕር ወለል ልክ የተጻፈ ከሆነ፥ ከዚያ ከፍ ያለ ዐቅም ያለው መሣሪያ መምረጥ ይኖርበታል።

ጋሼ ምክንያቱን ሳያውቁ እውነቱን ያውቁ ነበር፤ እኔ ሕጉን ባውቅም ያለሁበትን አገር ረስቼ ነበር። ምክንያቱን ሄጄ ስነግራቸው፥ «እንግዲህ 40 ዓመት ሙሉ መሣሪያ ስሳደብ የኖርሁት ያለ ጥፋቱ ነው» ብለው ሣቁ።

ግዢውና ከግዢ በኋላ

ይህን ጊዜ አባቴ ቀብድ እንዲሁ አልሰጡም። ታንኩ በውሃ ተፈትኖ ካልቻለ ገንዘቡ እንዲመለስ በጽሑፍ ውል አድርገው፥ ሁለት ምስክር አስፈርመው ከፈሉ። የውሃው ፈተና እንዲህ ነው። ታንኩ እስከ አፉ ውሃ ይሞላል፤ አየር ፈጽሞ እንዳይቀርበት ይደረጋል፤ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው ቧንቧ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት የእጅ ፓምፕ ግፊቱ ከሥራው ግፊት አንድ ጊዜ ተኩል እስኪሆን ይጨመራል። የእኛ ታንክ የሥራ ግፊቱ 8 ባር ስለ ሆነ በ12 ባር ተፈተነ። በአየር ሳይሆን በውሃ የሚፈተንበት ምክንያት ግልጽ ነው። አየር እንደ ተጨመቀ ሞላ ኃይል ያከማቻል፤ ታንኩ ቢቀደድ ይፈነዳል። ውሃ ግን እምብዛም ስለማይጨመቅ ብረቱ ቢቀደድ ፈስሶ ያበቃል። ሥራውን ልምድ ያለው ሰው ይሥራው እንጂ ተማሪ አይሞክረው። ለ30 ደቂቃ አባቴ፥ ጋሼ፥ ሻጩና እኔ መርፌዋን እያየን ቆምን። መርፌዋ አልወረደችም፤ ከታንኩም ጠብታ አልወጣም።

ከዚያ ዘይቱን፥ ማጣሪያውንና ቺንጋውን ለወጥን፤ የደኅንነት ቫልቩንም አዲስ ገዛን። የግፊት መለኪያውን ከጋሼ መለኪያ ጋር ብናስተያየው ጥቂት አሳንሶ የሚያነብ ሆኖ ስለ ተገኘ እሱንም ቀየርነው፤ ግፊትን አሳንሶ የሚናገር መለኪያ ሰውን ያሳስታልና።

አሁን መሣሪያው በዳሳችን ሥር ይሠራል። የመጀመሪያዋ ደንበኛ ጎማዋ የተነፈሰባት የጎረቤታችን ጋሪ ነበረች፤ አባቴም የጎረቤት ነው ብለው ገንዘብ አልተቀበሉም። በዚህ እናቴ ትንሽ አጕረመረሙ። ማታ ማታ ታንኩን የምታፈሰው ታናሽ እኅቴ ናት። ከማፍሰሷ በፊት ሶኬቱን መንቀልና ፊቷን ዘወር ማድረግ እንዳለባት አስተምሬያታለሁ። የወጣውንም ውሃ በነጭ ጣሳ ይዛ ቀለሙን ታሳየናለች።

የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ወላጁ ወይም ዘመዱ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊገዛ ሲነሣ «አንተ ተምረሃልና እይልን»፥ «አንቺ ታውቂያለሽና እይልን» የሚባል አይጠፋም። እንዲህ ስትባሉ ደብተር፥ መፍቻ፥ የእጅ ባትሪ፥ ሳሙናና ነጭ ወረቀት ያዙ። ዕድሜውን በሥራው ላይ ያሳለፈ አንድ ሽማግሌም ለምናችሁ አስከትሉ። ከሁሉ በፊት ግን ጎንበስ ብላችሁ የታንኩን ሆድ እዩ፤ ዕዳውም ሆነ በረከቱ ያለው እዚያ ነው።